ዝም የሚለው ልጅ በክፍላችን ውስጥ

(በሐሙሲት ለተሰበሰቡ ወላጆች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የጠራናችሁ ስለ ማዳበሪያ ለመነጋገር አይደለም። ስለ መዋጮም አይደለም። መዋጮ አይደለም ስንል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ አላችሁ፤ እውነታችሁን ነው፤ እኛ መምህራን በጠራናችሁ ቁጥር ገንዘብ ሳናነሣ ቀርተን አናውቅም። የዛሬው ጉዳይ ግን ልጆች ናቸው። ይኸውም በየመንደራችን እያሉ በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ስማቸው የሌለ ልጆች ናቸው።

በመጀመሪያ አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። ታሪኩ የራሳችን ነው፤ ጥፋቱም የራሳችን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት የሰባት ዓመት ወንድ ልጃቸውን ይዘው ለምዝገባ መጡ። ልጁ መልከ መልካም ነው፤ አካሉም ደኅና ነው። ስሙን ብንጠይቀው ዝም አለ። ቀና ብሎም አላየንም። መሬት የወደቀ ቆርኪ አነሣና በጣቱ ያሽከረክር ጀመር። በዚህ መካከል ደወል ተመታ። ደወላችን ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ ሲመታ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ልጁ ሁለት ጆሮውን ይዞ ጮኸ፤ መሬት ላይ ተንከባለለ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ልክፍት ነው» አለ። ሌላው «እናቱ አሞላቅቃው ነው» አለ። እኛ ተማርን የምንለውም ከዚህ የተሻለ ነገር አልተናገርንም። «እናታችን፣ ልጁ ለትምህርት አልደረሰም፤ ሲሻለው ያመጡታል» ብለን መለስናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ልጃቸውን አዝለው ሄዱ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ታዲያ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣ ጎበዝ ልጅ፣ ከትምህርት መቅረት አበዛች። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ትቀራለች። የሩዝ አረም ሲደርስማ ጭራሽ ጠፋች። ምን ሆና ይሆን ብለን ወደ ቤቷ ሄድን። እዚያ ስንደርስ ያን ልጅ አገኘነው። ወንድሟ ኖሯል። ከቤቱ ምሰሶ ጋር በገመድ ታስሯል። ገመዱ ረዘም ያለ ነው፤ ከመደቡ እስከ በሩ ያደርሰዋል። እኅቱ አጠገቡ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች።

እናትየዋ ጨካኝ ሆነው አይደለም። ልጁ ውሃ ይወዳል፤ የውሃን አደጋ ግን አያውቅም። የፎገራን ሜዳ እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ሁሉ ውሃ ነው። ልጁ ሁለት ጊዜ ከቤት ጠፍቶ፣ አንዱን ጊዜ የተገኘው ከጉማራ ዳር ነው። እናቱ ለአረም ሲወርዱ ወይ ልጁን ማሰር፣ ወይ ሴት ልጃቸውን ከትምህርት ማስቀረት ነበረባቸው። ሁለቱንም አደረጉ። ያን ቀን እኛ ልጁን ባንመልሰው ኖሮ ግን ገመዱ አያስፈልግም ነበር፤ እኅቱም ባልቀረች ነበር።

የዚህ ልጅ ነገር ስም አለው። ኦቲዝም ይባላል።

ኦቲዝም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። አንጎል ከመጀመሪያው ጀምሮ ከብዙው ሰው በተለየ መንገድ ሲያድግ የሚታይ ነገር ነው። ከልጅነት ይጀምራል፤ ዕድሜ ልክም አብሮ ይኖራል። ልጆቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ጭራሽ አይናገርም። ሌላው ይናገራል፤ ነገር ግን የሰማውን መልሶ ይናገራል። «ውሃ ትፈልጋለህ?» ብትሉት «ውሃ ትፈልጋለህ» ይላችኋል። ይህ ማላገጥ አይደለም፤ «አዎ» ማለቱ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ በስሙ ሲጠራ አይዞርም። ደንቆሮ ነው እንዳትሉት የከረሜላ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ከሩቅ ይሰማል። አንዱ እጁን ያርገበግባል፤ አንዱ ድንጋይ በመስመር ይደረድራል፤ አንዱ የለመደው መንገድ ሲቀየርበት ያለቅሳል። ለእኛ ትንሽ የሆነ ድምፅ ለእርሱ ጆሮ የሚበሳ ሊሆን ይችላል። በትምህርት ብዙዎችን የሚበልጥም አለ፤ ለመብላትና ለመልበስ እንኳ ዕድሜ ልኩን እርዳታ የሚያስፈልገውም አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ከ127 ሰዎች አንዱ ያህል ኦቲዝም ነበረበት። እንግዲህ በአንድ የገበያ ቀን ሐሙሲት የሚወጣውን ሕዝብ አስቡት። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ስንቱን አይታችሁ ታውቃላችሁ? አላያችሁም። ብዙዎቹ ገበያ አይወጡማ! ጓዳ ናቸው።

«ከምን መጣ?» ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ በዘር የሚወረሰው ግን ትልቅ ድርሻ እንዳለው ታውቋል። እርግማን አይደለም። ቡዳ አይደለም። የእናት ኃጢአት አይደለም። ክትባትም አያመጣውም፤ ይህ በብዙ አገር ተመርምሮ የተረጋገጠ ነው፤ ስለዚህ ታናናሾቹን አስከትቡ። ልጃችሁን ጸበል ብትወስዱት አንነቅፋችሁም፤ እምነታችሁ ነው። የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ልጁ በየትም ቦታ፣ በማንም እጅ፣ አይደብደብ፤ በሰንሰለትም አይታሰር። መድኃኒት አለኝ፣ አድነዋለሁ የሚል ሰው ቢመጣ ደግሞ ገንዘባችሁን ያዙ። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ልጁ የሚጥል በሽታ ካለበት ግን ለእርሱ መድኃኒት አለውና ክብሪት ጭራችሁ ከማሽተት ይልቅ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጆሮውንም አስመርምሩለት።

ማፈር የእናንተ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ እንዲህ ያሉ ልጆች በሚታከሙባቸው ሁለት ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎች ተጠይቀው ነበር፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ከግማሽ ትንሽ የሚያንሱት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናገሩ። ከአራቱ አንዱ ያህል ነገሩን ከሰው ለመደበቅ ይጥር ነበር። ምን ጎደላችሁ ሲባሉ ግን ከሁሉ አስቀድመው የጠሩት መድኃኒት አይደለም፤ ገንዘብም አይደለም። ከአራቱ ሦስቱ ያህል «ልጄ የሚማርበት ቦታ» አሉ።

አሁን ደግሞ ወደ ሩቅ አገር እንውሰዳችሁ። በ1935 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1943) ሊዮ ካነር የሚባል ሐኪም በአሜሪካን አገር ስለ 11 ልጆች ጻፈ። ኦቲዝም የሚለው ስም ለእንዲህ ያለው ልጅ የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። ከ11ዱ የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ይባላል። ወላጆቹ በሐኪሞች ምክር ገና የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ከቤት አውጥተው ልዩ ተቋም አስገቡት፤ በኋላ ግን ሆዳቸው አልችል ብሎ መለሱት። ከዚያም በአካባቢያቸው ካሉ ባልና ሚስት ገበሬዎች ዘንድ ተቀመጠ።

እነዚያ ገበሬዎች የሐኪም ትምህርት አልነበራቸውም። ዶናልድ የበቆሎውን መስመር ደግሞ ደጋግሞ ይቆጥር ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን «ተው፣ ምን ያደርግልሃል!» ባለው ነበር። እነርሱ ግን «እያረስህ ቁጠር» አሉት። ሐኪሙ ሊጠይቀው ሲሄድ ልጁ ፈረሱን እየነዳ ስድስት ረጃጅም መስመር ሲያርስ አየው። (እዚያ አገር በፈረስ ያርሱ ነበር።) ነገርን ሁሉ መለካት ይወድ ስለ ነበር ጉድጓድ እያስቆፈሩ ጥልቀቱን ያስለኩት ነበር። በገጠሩ ትምህርት ቤትም ከሌሎቹ ልጆች ጋር ገባ፤ ጠባዩን እንዳለ ተቀበሉት፤ ደኅና አድርጎም ተማረ። በኋላ ኮሌጅ ጨረሰ፤ በትውልድ ከተማው ባንክ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ሠራ። በ2015 ዓ.ም. በ89 ዓመቱ ሲሞት ከተማው በሙሉ ያውቀው ነበር። ኦቲዝሙ አልጠፋም፤ አብሮት ነበር። ሁሉም ልጅ ባንክ ይሠራል አንላችሁም። የነገርናችሁ ስለ ገበሬዎቹ ብለን ነው።

እናንተም እኮ ይህን ብልሃት ታውቁታላችሁ። ድሮ ውሃ የሚተኛበት መሬት ለጤፍ አይሆንም ነበር። በክረምት ዝም ተብሎ ይተዋል፤ ውሃው ሲሸሽ ጓያና ሽምብራ ይጣልበታል፤ አለዚያም ከብት ይግጥበታል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሩዝ ገባ። የጅግና ስም እስከ ዛሬ በሩዙ ዘር ላይ አለ፤ ኤክስ ጅግና ትሉታላችሁ። ያ የተናቀ መሬት ዛሬ ስንት እንደሚከራይ እናንተ ንገሩን። ውሃውም አልቀረም፤ መሬቱም ያው ነው። ዘሩና አያያዙ ነው የተቀየረው። እርግጥ ልጅ መሬት አይደለም፤ ምሳሌውን ከዚህ በላይ አንጎትተውም።

ወደ ልጃችን እንመለስ። ከዚያ ቤት እንደ ተመለስን ተነጋገርንና እናትየዋን አስጠራን። ይቅርታ ጠየቅን። ከዚያም «ስለ ልጁ ይንገሩን» አልናቸው። ሦስት ነገር ነገሩን። የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ይወዳል፤ ድንገተኛ ድምፅ ይፈራል፤ የለመደው ቅደም ተከተል ሲዛባ ይጮኻል። ይህች የአንድ ሰዓት ጨዋታ ኮሌጅ ካነበብነው ይልቅ ጠቀመችን።

ክፍሉ ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለ። ረዳት መምህር የለንም። ስለዚህ የምናደርገው ነገር ብር የማይጠይቅ፣ ሌላውንም ልጅ የማይጎዳ መሆን ነበረበት። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁ እስከ መጀመሪያው ዕረፍት ብቻ ቆይቶ ይሄድ ነበር። በሁለተኛው ወር ግማሽ ቀን ዋለ። ከፊት፣ ከግድግዳው ጥግ አስቀመጥነው፤ በአንድ ወገን ሰው የለበትም፤ ከመስኮቱም ይርቃል።

ከካርቶን ላይ አምስት ሥዕል ሣልን። አንዱ ፊደል፣ አንዱ ቁጥር፣ አንዱ ጨዋታ፣ አንዱ መጸዳጃ፣ አንዱ ቤት ነው። የቀኑን ሥራ በተራ በሲባጎ ላይ እንሰቅላለን። አንዱ ሲያልቅ ልጁ ራሱ ይገለብጠዋል። ቀጥሎ የሚመጣውን ስላወቀ ጩኸቱ ቀነሰ። እናንተም ማንበብ ስትጀምሩ በመጀመሪያ ሥዕሉን፣ ከዚያ ቃሉን አይደል ያያችሁት? ያው ነው።

ንግግራችንን አሳጠርን። «ተነሥና ደብተርህን አውጥተህ ትናንት የጀመርነውን ጻፍ» ማለት ለእርሱ የቃል ጎርፍ ነው። «ደብተር» እንላለን። ከዚያ ዝም ብለን በልባችን እስከ አሥር እንቆጥራለን። መጠበቅ ከበደን እንጂ እርሱስ ጊዜ ካገኘ ያወጣል። «ዓይኔን እየኝ» ማለትም ተውን። እንዲያውም በአገራችን ትልቅ ሰው ሲናገር አንገቱን የሚደፋ ልጅ ጨዋ ይባላል። ታዲያ ይህን ልጅ ቀና በል እያልን ለምን ስንጣላው እንደ ከረምን እንጃ።

የከበደው ደወሉ ነበር። በቀን ስድስት ጊዜ ይመታል፤ ስድስት ጊዜ ልጁ ይጮኻል። መጀመሪያ ከመመታቱ በፊት በእጅ ምልክት እንነግረው ጀመር፤ ትንሽ ተሻለ። አንድ ቀን የጥበቃው ሠራተኛ አባታችን «ለምን እሱ አይመታውም?» አሉ። እኛ ሳቅን። እሳቸው ግን ልጁን ይዘው ወጡ፤ ብረቱን አስያዙትና ቀስ ብሎ እንዲመታ አደረጉት። አልጮኸም። ራሱ የሚያመጣው ድምፅ ድንገተኛ አይሆንበትማ! ከዚያ ቀን ወዲህ የጠዋቱን ደወል የሚመታው እርሱ ነው። አንድ ቀን አሞት ቢቀር ልጆቹ «ደወሉ ሰውየ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁን። ቀድሞ «ዱዳ» የሚሉት እነዚያው ልጆች ናቸው።

ልጆቹን በልምጭ አላስፈራራናቸውም። ሁለት ሦስቱን በተራ ጓደኛው እንዲሆኑ መረጥን። እነርሱም በዕረፍት ጎማ ሲነዱ ይዘውት ይሮጡ ጀመር። የሚሽከረከር ነገር አይደል የሚወደው? እኛ ያላሰብነው ነው።

ሁሉም ነገር ሰመረ ብለን አንዋሽም። የክፍላችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። አንድ ቀን በሰኔ በረዶ ወረደ። በቆርቆሮ ላይ በረዶ ሲወርድ እንኳን ለእርሱ ለእኛም ያስፈራል። ልጁ ደነገጠና አጠገቡ የነበረውን ልጅ ክንድ ነከሰ፤ ደም ወጣ። በማግሥቱ የተነከሰው ልጅ አባት መጡ። «ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ የእኔ ልጅ ይወጣል» አሉ። እውነት ነበራቸው። ልጁ የነከሰው በክፋት እንዳልሆነ ነገርናቸው፤ እናቱም መጥተው እግር ሳሙ። አሁን ሰማዩ ሲጠቁር አንድ ጓደኛው ወደ ዕቃ ቤቱ ይወስደዋል፤ እዚያ ግድግዳው ወፍራም ጭቃ ነው፤ ጋቢ ተከናንቦ ይቀመጣል። አባትየው እስከ ዛሬ ደስ አላላቸውም። ልጃቸውን ግን አላስወጡም።

ስለ ፈተናም በመካከላችን ክርክር ነበር። ልጁ ፊደሉን ሁሉ ያውቃል፤ በቆርኪ እየደረደረ ይደምራል፤ አፍ አውጥቶ ግን አይመልስም። ካርዱን በጣቱ ያሳያል። አንዳንዱ ባልደረባችን «ለእሱ ብቻ ሌላ ፈተና ማውጣት አድልዎ ነው» አለ። ሌላው «ዓይነ ስውር በብሬል ሲፈተን አድልዎ ብለኸዋል?» አለው። በጣቱ ያሳየውን እንደ መልስ ቆጠርንለትና አለፈ።

ይህን መንገድ የጀመርነው እኛ አይደለንም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም ስላለበት የሚቀበለው ትምህርት ቤት አጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቋሙና ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ከፈቱ። የእኛኑ ፊደል ድምፅ ይዘው «አቡጊዳ ፎነቲክስ» ያሉትን የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። በቴሌቪዥን ወጥተው «ልጄ ኦቲዝም አለበት» ማለት ነውር በነበረበት ጊዜ ተናገሩ። በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። ማዕከሉ ግን ያለው አዲስ አበባ ነው። ከሐሙሲት ልጅ ይዞ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ማን ቤት ይሰጠዋል? ለዚህ ነው የቅርቡ ትምህርት ቤት የእርሱም ትምህርት ቤት መሆን ያለበት።

መብቱም የተጻፈ ነው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አካል ጉዳተኞች እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ይል ነበር። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ያዝዛል። ስለዚህ ልጃችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ለልመና አይደለም የምትመጡት። «አልደረሰም» ብሎ የሚመልሳችሁ ሰው ካለ፣ እኛም ብንሆን፣ «በጽሑፍ ስጡኝ» በሉ። ዛሬ ማንበብ ታውቃላችሁ፤ የተጻፈውን አንብቡት።

እናንተ ከቤት የምታመጡልን ነገር አለ። ልጁ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ሲርበውና ሽንቱ ሲመጣ ምን ምልክት እንደሚያሳይ ንገሩን። እጁ የለመደው ነገር ካለ፣ ጨርቅም ቆርኪም ይሁን፣ ይዞ ይምጣ። ለጎረቤት ደግሞ አንድ ነገር እንላለን። እንዲህ ያለ ልጅ ብቻውን ወደ ውሃ ሲሄድ ያየ ሰው «የማን ልጅ ነው?» ብሎ ዝም ብሎ አይለፍ። እጁን ይዞ ይመልሰው። ቢጠሩት ላይሰማ ይችላልና ከሩቅ መጮህ አይበቃም።

የዚያ ልጅ እናት ዛሬ እዚህ መካከላችሁ ተቀምጠዋል። ስማቸውን አንጠራም፤ ነገር ግን ከስብሰባው በኋላ ከሾላው ሥር ይቆያሉ፤ ልትጠይቋቸው ብትፈልጉ ፈቅደዋል። ሴት ልጃቸው አምስተኛ ክፍል ገብታለች። ገመዱን ምን አደረጉት ብለን ጠይቀናቸው ነበር፤ «ጥጃ አሰርንበት» አሉን።